ጆሮ የሚወጋ ዝናብ

ውድ እህቴ ጉድሩን፤

እንዴት ነሽልኝ? እንዴት ከረምሽ? ያ ብርድ ሲገባ የሚነሳብሽ የወገብ ሕመም ዘንድሮስ ማረሽ ወይ? እናንተ ዘንድ አሁን ክረምቱ እየተቃረበ ነው፤ ጣሪያውስ ተጠገነ ወይስ ያ ባልሽ ራሚሮ ዛሬ ነገ እያለ ባልዲ ስትደቅኑ ልትከርሙ ነው? የራሚሮ የደም ግፊቱስ እንዴት ሆነ? መድኃኒቱን ይውጣል ወይስ እንደ ልማዱ በኪሱ ይዞት ይዞራል? ልጃችሁ ፓሎማ ሥራው በረታባት ወይስ ለመደችው? ትንሿ የልጅ ልጅሽ ማይቴስ፣ የፊት ጥርሷ በቀለ? ሁላችሁም ባላችሁበት ደህና ሁኑልኝ። እኔ አለሁ። ደህና ነኝ ብዬ ብጽፍልሽ ግን ውሸት ይሆንብኛል፤ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ደግሞ አንድም ውሸት እንዳይገባ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ።

ስልክ እያለ ምን ወረቀት አስያዘው ትይ ይሆናል። ከፋሲካ በኋላ በነበረው እሑድ ስንደዋወል፣ ማይቴ ካናገረችኝ በኋላ ስልኩን ተቀብለሽ ዝም ማለትሽን አልረሳሁትም። ቶሎ ብለሽ ነው የተሰናበትሽኝ። ወደሱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ የሥራ ቤቴን ጉድ ልንገርሽ፤ ያለሱ ነገሩ አይገባሽም።

ሥራዬን "የሽቦ ቁምሳጥን" እያልሽ ስትስቂበት ኖረሻል፤ አልቀየምሽም፣ ሲያዩትም ይመስላል። ሞጁላር ሲንተሳይዘር ይኸው ነው፤ ትንንሽ ሰሌዳዎች ጎን ለጎን ይደረደራሉ፣ እያንዳንዱ አንድ ሥራ ብቻ ይሠራል፣ ሙዚቀኛው በገመድ እያገናኘ ድምፅ ያወጣበታል። እኔ የምሠራው ከመካከላቸው አንዱን ነው። ዜማ የለውም፤ "ሽሽሽ" ይላል፣ በቃ። ከዚያ "ሽሽሽ" ውስጥ ነው ሙዚቀኛው ነፋሱንም ባሕሩንም የከበሮውን ምትም የሚያወጣው። በእኛ ቤት ስሙ "ዝናብ" ነው።

ዝናቡ የሚወጣው ከአንዲት ትራንዚስተር ነው፤ ሦስት እግር ያላት፣ ምስር የምታክል ጥቁር ነገር። ኤሌክትሪኩን በተገላቢጦሽ በኩል ስትገፊባት ታጉረመርማለች፤ ያን ማጉረምረም አጉልተን ነው የምንሸጠው። ታዲያ ሁሏም እኩል አታጉረመርምም። አንዷ ትንጣጣለች፣ አንዷ ድምፅዋ አይወጣም። ሌላው ሠሪ በመሣሪያ እየለካ ይመርጣል፤ እኔ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በጆሮዬ ነው የመረጥኩት። ከመቶው አሥራ አምስቱን አስቀርቼ ሌላውን እጥላለሁ። ከዚያ ትራንዚስተሯ ከተበየደችበት ቦርድ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ብሎን ዝናቡ ጥርት እስኪል አዞራለሁ፤ ገርሊንደ ደግሞ ማንም እንዳይነካት በቀይ የጥፍር ቀለም ታትማታለች። ሣጥኑ ላይ ሳይቀር "በጆሮ የተመረጠ" ብለን ነው የጻፍነው። ለስንቱ ሰው አፌን ሞልቼ እንዳወራሁ አንቺ ታውቂያለሽ።

ገርሊንደን አንዴ አግኝተሻታል፤ ያቺ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ "መነጽሬን ያየ አለ?" የምትለዋ። ሃያ ሁለት ዓመት ከጎኔ ተቀምጣ ስትበይድ ኖራለች። ቲሎ ደግሞ ሰሌዳውን የሚቆርጠውና የሚያሽገው ነው፤ አርባ አምስት ዓመቱ ነው፣ የሁለት ልጆች አባት ነው፣ ጭቅጭቅ አይወድም። ሦስት ሰው ነን እንግዲህ። ነበርን ልበል።

ነገሩ የጀመረው ከገና በኋላ ነው። ገርሊንደ ጉልበቷን ቀዶ ጥገና ተደርጋ ከገና በፊት ጀምሮ ቤቷ ተኝታ ነበር፤ ቀድማ የበየደቻቸውን ቦርዶች እኔ አስተካክዬ፣ እኔው አትሜ ነበር የላክኋቸው። በጃንዋሪ ከሮስቶክ ከተማ አንዲት የቲያትር ሙዚቀኛ ዝናቧን መለሰችልን። "ይኼ ዝናብ ሳይሆን የጋለ መጥበሻ ነው፤ ጆሮ ይወጋል፤ የፊት ወንበር ተመልካች ተነስቶ ወጣብኝ" ብላ ጽፋለች። ሰካሁትና ሰማሁት። ምንም የሚወጋ ነገር የለውም። እንዲያውም ታፍኗል፤ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚያንሾካሹክ ነው የሚመስለው። እኔ በገዛ እጄ ጥርት አድርጌ የላክሁት! "ሴትዮዋ ደህና ድምፅ ማጉያ የላትም" አልኩና ብሎኗን ትንሽ ከፈት አድርጌ መለስኩላት። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ፤ ሁለት ሌሎችንም አስከትሎ። ፌብሩዋሪ ሲያልቅ መደርደሪያዬ ላይ አሥራ አንድ ተመላሽ ተደርድሯል። የሁሉም ክስ አንድ ነው፤ ይወጋል። እኔ ስሰማቸው ደግሞ ሁሉም ታፍነዋል።

ሲሄድ ጥርት ያለ፣ ሲመለስ የታፈነ ከሆነ ውስጡ አንድ የሚለዋወጥ ነገር አለ ማለት ነው፤ እንደዚያ ነው ያሰብኩት። ያን ነገር ፍለጋ ገባሁ። ትራንዚስተሩን ቀየርኩ፤ ያው ነው። ኤሌክትሪክ የሚያከማቹትን ካፓሲተሮች አንድ በአንድ እያወጣሁ በአዲስ ተካሁ፤ ያው ነው። ኃይሉ ወርዶ ይሆናል ብዬ በቴስተር ለካሁ፤ አሥራ ሁለት ቮልት፣ ንቅንቅ የለም። ድምፁን የሚያጎላውን ቺፕ ቀየርኩ። ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገብቼ ቀዝቅዞ ሰማሁት፤ በፀጉር ማድረቂያ አሙቄ ሰማሁት። ቲሎ "አለቃ፣ ቀጥሎ ቅቤ ላምጣልህ?" እያለ ይቀልድብኛል፤ እኔ እንደሆነ ቀልድ ከጠፋብኝ ሰንብቷል። ምሳዬን ቆሜ ነበር የምበላው። በመጨረሻ የቀረው ብየዳው ነው አልኩ። ብየዳው የማን ነው? የገርሊንደ።

ማርች ላይ ምርኩዟን ይዛ ተመለሰች። ገና ኮቷን ሳታወልቅ፣ እንኳን ማረሽ እንኳ ሳልላት፣ ቦርዶቹን ፊቷ ዘረገፍኳቸው። መነጽሯን አውርዳ አንድ በአንድ አየቻቸው። "ብየዳዬ ንጹሕ ነው፤ እስቲ ልስማው" አለች። ሰካሁላት። ጉድሩን፣ ሴትዮዋ ትከሻዋን ሰብስባ ወደ ኋላ ሸሸች! "ኧረ ዝጋው! እንዴት ብትከፍተው ነው እንዲህ የሚጮኸው?" አለች። እኔ ሳቅሁባት። የንዴት ሳቅ ነው።

አንድ የምተማመንባት ነገር ነበረችኝ፤ እናትየዋ። በ1996 ከሁሉ በፊት የሠራኋት ዝናብ ናት፤ መደርደሪያ ላይ ትቀመጣለች፣ አዲስ የተሠራ ሁሉ ከሷ ጎን ተሰምቶ፣ እሷን ሲመስል ነው ከቤት የሚወጣው። ብሎኗ ከታተመች ወዲህ ተነክታ አታውቅም። አወረድኳትና ሰካኋት። እሷም ታፍናለች! አስቢው እንግዲህ፤ አሥራ አንዱ ተመላሽ፣ መጋዘን ያሉት በሙሉ፣ በላያቸው ላይ እናትየዋ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ታመሙ። ጤነኛ ሰው ይህን ጊዜ ስለ ማን ያስባል? እኔ ግን ትራንዚስተር ያረጃል ማለት ነው አልኩና ጠባቡን መፍቻ አነሳሁ።

"ፎልክማር፣ እናትየዋን አትንካት" አለች ገርሊንደ። ቀስ ብላ ነው ያለችው። "እሷ ምንም አልሆነችም፤ እለምንሃለሁ።" ታዲያ ማን ነው የሆነው አልኳት። የያዘችውን ቦርድ አስቀመጠች። ተናገሪ እንጂ ብዬ ጠረጴዛውን ስመታው "ጆሮህ ነው፤ ቆይቷል፤ ሂድና ታይ" አለች። እንደዚያ ስትለኝ ወደ ቲሎ ዞርኩ። "አንተስ? ታፍኗል አልታፈነም?" አልኩት። ቲሎ ጫማውን እያየ "ታፍኗል፣ አለቃ" አለኝ። ይኸው በቂዬ ሆነ። ቀዩን ማኅተም ሰብሬ የእናትየዋን ብሎን አዞርኳት፤ አንድ ሙሉ ዙር። ከዚያ ለገርሊንደ የተናገርኩትን መጻፍ ያሳፍረኛል። "ያረጀሽው አንቺ ነሽ፤ እጅሽ እየተንቀጠቀጠ የበየድሽውን በኔ ጆሮ ታላክኪያለሽ፤ ጡረታሽን ይዘሽ ቤትሽ ብትቀመጪ ምን አለበት" አልኳት። ሌላም ብያለሁ፤ እሱ ይቅር። ማጉያ መነጽሯንና የሻይ ኩባያዋን በፌስታል አድርጋ ወጣች። ምርኩዟ ደረጃው ላይ ቋ፣ ቋ ሲል ታች እስክትደርስ ሰማሁት። እሱ ወፍራም ድምፅ ነው፤ እሱን እሰማለሁ።

ቲሎ ከዚያ በኋላ ዓይኔን ማየት ተወ። ከኛ ስልክ በኋላ በነበረው ማክሰኞ፣ ድምፅን በሥዕል የሚያሳይ መሣሪያ ከጓደኛው ተውሶ ይዞ መጣ። "አለቃ፣ አትቆጣ፣ በቅድሚያ ተቀመጥ" አለኝ። ተቀመጥኩ። ደህና ዝናብ በዚያ መስተዋት ላይ ከግራ እስከ ቀኝ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ያለ ነው፤ ግራው ወፍራሙ፣ ቀኙ ቀጭኑ፣ ሁሉም እኩል። የኔ ዝናብ ግን በቀኝ በኩል ተራራ ሠርቷል። "ይኼ ተራራ ነው ሰዉን የሚወጋው፤ አንተ አትሰማውም" አለኝ። እሺ፣ ዓምናስ ለምን ማንም አልከሰሰንም ስለው ፊቱ ቲማቲም መሰለ። "ገርሊንደ ትመልሰው ነበራ! አንተ ካስተካከልክ በኋላ፣ ከማተሟ በፊት፣ ብሎኗን ወደ ኋላ ትመልሳት ነበር። ዓመት ተኩል ሆናት። እንዳይከፋህ ብላ ነው የደበቀችህ። ሐኪም ቤት ስትገባ አደራውን ለኔ ሰጥታኝ ነበር፤ እኔ ፈራሁህ፣ አለቃ" አለኝ። እኔን! ሰው እኔን ሊፈራ!

የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ጠባብ ክፍል አስገብተው፣ ማዳመጫ አድርገውልኝ፣ አንዲት ቁልፍ አስያዙኝ፤ ድምፅ በሰማህ ቁጥር ተጫን ተባልኩ። ወፍራሞቹ መጡ፤ ተጫንኩ፣ ተጫንኩ። ከዚያ ፀጥ አለ። አውራ ጣቴን ቁልፏ ላይ አድርጌ ቀጣዩን ስጠብቅ፣ ስጠብቅ፣ ሐኪሟ በሩን ከፍታ ገባች። የሚቀጥለው መቼ ነው ብዬ ጠየቅኋት። "አልቋል እኮ" አለችኝ። ከወር ወር እየባሰበት ነው፣ የጠፋው አይመለስም አለች። ጆሮ ላይ የሚደረግ መሣሪያ ታዞልኛል፣ ለወሬ ይረዳሃል፣ ለሥራህ ግን እንዳትተማመንበት ብላኛለች።

በማግስቱ ገርሊንደ ቤት ሄድኩ። በሩን ከፈተች፤ ግባ አላለችኝም። ኮፍያዬን በእጄ ይዤ የተዘጋጀሁበትን ሁሉ ተናገርኩ። እስክጨርስ ሰማችኝና "ጆሮህ ይሁን፤ ጆሮ ማንንም ይከዳል። ስድቡንም እረሳዋለሁ። እኔ እዚያው ቆሜ ቲሎን መጠየቅህ ግን አልወጣልኝም። እሱ እንደሚፈራህ እያወቅህ ነው የጠየቅኸው" አለችኝ። እውነቷን ነው። ያን ጊዜ አንቺ ፊቴ ድቅን አልሽብኝ።

ጉድሩን፣ ይህን ከዛሬ ሃምሳ ሁለት ዓመት በፊት ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። አባባ የትምህርት ቤቱን ፒያኖ ሲቃኝ የነበረበትን ቀን ታስታውሻለሽ፤ እንደምታስታውሺ አውቃለሁ። አንቺ አሥራ አምስት ዓመትሽ፣ እኔ አሥራ አንድ። መምህሩም ቆመው ነበር። አባባ "ተጠናቀቀ" ብሎ ክዳኑን ሊዘጋ ሲል "አባባ፣ ከላይ ያሉት ቀጫጭኖቹ ልክ አይደሉም" አልሽው። በጥፊ መታሽ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ "ፎልክማር፣ ልክ ናቸው አይደሉም?" አለኝ። እኔም "ልክ ናቸው" አልኩ። መምህሩ ሳቁ፤ አንቺ ሮጠሽ ወጣሽ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ፒያኖ ፊት ተቀምጠሽ አላየሁሽም። እህቴ፣ ልክ አልነበሩም። ይጮኹ ነበር። አንቺ የሰማሽውን ሁሉ እኔም ሰምቻለሁ። ያን ጊዜ ጆሮዬ ከማንም ይበልጥ ነበር። ጥፊው ለኔም እንዳይተርፈኝ ፈርቼ ነው። አባባ ከዚያም በኋላ ለስድስት ዓመት የስንቱን ፒያኖ ሲያበላሽ ኖረ፤ ሰው "ሽማግሌው አይሰማም" እያለ ከኋላው ይስቅበት ነበር። ያን ቀን እኔም አንቺ ያልሽውን ብል ኖሮ ምናልባት በጊዜ ይታከም ነበር እያልኩ አስባለሁ። አንቺም ከቤት ለመውጣት እንደዚያ ባልተጣደፍሽ። ከራሚሮ ጋር ወደ አገሩ ስትሄጂ ጣቢያው ላይ አቅፈሽኝ "አንተ ብቻ ነህ የምትናፍቀኝ" ስትዪኝ ይኸው ነገር ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ተመልሷል። ይቅርታ አድርጊልኝ ብዬ ወዲያው ይሁንልኝ አልልም። ልጅ ነበርክ ብለሽ ግን አትለፊው፤ በማርች ልጅ አልነበርኩም፣ አባባን ሆኜ ነው የተገኘሁት።

ገርሊንደ አንድ ቀን ብቻ መጣች። ለኔ ብላ አይደለም፤ "የእናትየዋ ድምፅ ጭንቅላቴ ውስጥ አለ፤ እኔም ሳልረሳው ልመልሳት" ብላ ነው። ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፣ የቲሎን መሣሪያ አስነስታ ዓይኗን ጨፈነች፣ ብሎኗን በትንሽ በትንሹ መለሰቻት። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ነበር። ስትጀምርም ስትጨርስም ለኔ አንድ ዓይነት ነው የተሰማኝ። "ይኸው፣ መጣች" ስትል ቲሎ ዓይኑን ጠረገ፤ እኔ ምን እንደመጣ አላውቅም። የጥፍር ቀለሟን ከቦርሳዋ አውጥታ አተመቻት፣ እፍ ብላ አደረቀቻት፣ ኮቷን ለበሰች። ደረጃው ድረስ ልሸኝሽ ስላት "እችላለሁ" አለችኝ።

ሥራ ቤቱን ለቲሎ እሰጠዋለሁ። "በጆሮ የተመረጠ" የሚለውን ከሣጥኑ ላይ እንዲያወጣው ነግሬዋለሁ። መፍቻዬንም ሰጥቼዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ግን ልማድ ሆኖብኝ እሄዳለሁ፤ ካርቶን አጥፋለሁ፣ ፖስታ ቤት እመላለሳለሁ።

እንግዲህ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ራሚሮን "ጣሪያውን ውጣና መድኃኒቱን ዋጥ ብሎሃል" በይልኝ፤ ይቆጣ፣ ግድ የለም። ፓሎማን በሁለቱም ጉንጯ ሳሚልኝ፤ የላከችልኝን ሹራብ ለብሼው ነው ይህን የምጽፈው። ጎረቤታችሁን ወይዘሮ ኤርሚንዳንም እንዴት አሉ በያቸው።

ማይቴን ደግሞ... ጉድሩን፣ ያን እሑድ ማይቴ አንቺ ባስተማርሻት በኛ ቋንቋ ረጅም ነገር ነገረችኝ። ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ከሱ ውስጥ አንዲት ቃል አልሰማሁም። ከፋሲካ በፊትም አልሰማም ነበር፤ "እሺ፣ ጎበዝ" እያልኩ ነው ያሳለፍኩት። ያን ቀን ግን ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ሲል ደስ ያላት መሰለኝና ጮክ ብዬ ሳቅሁ። "እሰይ!" አልኳት። ከዚያ አንቺ ስልኩን ተቀበልሽ፣ ዝም አልሽ። ታለቅስ ነበር እንዴ? ምን ሆና ነው? የጆሮ መሣሪያው ሳይደርስ ስልክ መደወል ፈርቻለሁ። ምን እንደነገረችኝ በወረቀት ጻፊልኝ፤ አንዲት ቃል ሳታስቀሪ፣ ራሷ እንዳለችው አድርገሽ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ ፎልክማር
ላይፕዚግ፣ ሜይ 19 ቀን 2019